የእኔና የጋሽ ሰይድ ነጥብ

ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን ገና ከመነሻው መናገር ለምን አስፈለገው ብላችሁ ከወዲሁ የጠረጠራችሁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። ባለቤቴ «አንተ እኮ ሰው ደህና አደርክ ባለህ ቁጥር ምን ፈልጎ ነው ትላለህ» እያለች ስሜን ታጠፋለች። ውሸቷን ነው። እንደዚያ የምለው ሰውየው ፈገግ ካለ ብቻ ነው።

ደግሞስ ሸዋ ሮቢት የሚኖር ሰው ቢጠራጠር ይፈረድበታል? አየሩ ራሱ አይታመንም። ጠዋት ነፋስ ቢጤ ሽው ይልና «ዛሬስ ሊምረን ነው» ብላችሁ ሙሉ ሸሚዝ ለብሳችሁ ትወጣላችሁ፤ ረፋድ ላይ ሸሚዙ ጀርባችሁ ላይ ተለጥፎ ገመናችሁን ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል። እኔ ሽንኩርት ስገዛ ጆንያው አፍ ላይ የተደረደረውን አላይም፤ እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ከመሃል ነው የማወጣው። ባጃጅ ስይዝ ሾፌሩ የጠራሁለትን ዋጋ ሳይከራከር እሺ ካለኝ ወርጄ ሌላ እፈልጋለሁ። ለምን እሺ አለ?

እንግዲህ ዳይሬክተራችን «ለመምህራን ፖርትፎሊዮ የሚታመን መመዘኛ አዘጋጅ» ብሎ የጠራው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ፖርትፎሊዮ፣ ለማታውቁት፣ መምህር የሆነ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ የሠራበትን ማስረጃ የሚያጠራቅምበት ማህደር ነው። የትምህርት እቅዱ፣ የፈተና ወረቀቱ፣ የተማሪዎቹ ሥራ፣ «ከማስተማሬ ምን ተማርኩ» የሚል ጽሑፍ ይገባበታል። ይህ ደንቡ ነው። ልማዱ ደግሞ ለብቻው ነው። በልማዱ አንድ ጎበዝ ያዘጋጀውን ማህደር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያስቀረዋል፤ የተቀረው ሄዶ ስሙን ብቻ አስለውጦ ያስጠርዛል። አንድ ጊዜ የስፖርት መምህራችን ማህደር ውስጥ «በቤተ ሙከራ አሲድ ስቀላቅል የገጠመኝ ችግር» የሚል ገጽ አገኘሁ። ስጠይቀው ዓይኑን ሳያሽ «ሜዳው ላይ ነው የቀላቀልኩት» አለኝ።

የድሮው መመዘኛም ከማህደሮቹ አይሻልም ነበር። «በጥሩ ሁኔታ የተደራጀ» ይላል፣ «አጥጋቢ ማስረጃ የቀረበበት» ይላል። ጥሩ ማለት ምንድን ነው? እንደ መዛኙ ነዋ። አንዱ ማህደሩን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ በክብደቱ ነጥብ ይሰጣል። ሌላው የሽፋኑን አበባ ያያል። እኔ ራሴ ረፋድ ላይ ሰማንያ የምሰጠውን ማህደር ቀትር ላይ አምሳ እሰጠዋለሁ፤ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ከቆመማ አምሳውም ቸርነት ነው። በዚህ የተነሳ መምህራኑ ውጤት ሲወጣ «ስንት አገኘህ?» ከማለታቸው በፊት «ማን መዘነህ?» ይባባሉ ነበር።

«ለምን እኔ?» አልኩት ዳይሬክተሩን። በአንድ ዓመት የተቀጠርን ስለሆንን አንተ እንባባላለን።

«አንተ ለማንም ስለማታዳላ።»

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ካንተ በፊትስ?»

ዳይሬክተሩ ላቡን በመሀረብ ጠረገ። ከሙቀቱ ይሁን ከጥያቄዬ እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። «ስማ» አለኝ፤ «መመዘኛውን ከጋሽ ሰይድ ጋር ሥሩና በሐያት ማህደር ሞክሩት። በየግላችሁ ትመዝናላችሁ። ልዩነታችሁ ከአምስት ነጥብ ከበለጠ ውጤቱ አይጸድቅም። የሷ ደግሞ ዓርብ ወረዳ መድረስ አለበት።»

ሐያት የፊዚክስ መምህራችን ናት፤ የማጀቴ ልጅ። ሥራ ሲደርሳት እዚህ ተመደበችና ትንሿን ልጇን ኢክራምን ማጀቴ ለእናቷ ትታ መጣች። ተከራይታ የምትኖርባት ክፍል ቀትር ላይ ዳቦ ትጋግራለች፤ ሕፃን ማሳደጊያ አይደለችም። ቅዳሜ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ እሑድ ልጇ እያለቀሰች ትመለሳለች። ዘንድሮ ማጀቴ የፊዚክስ መምህር ቦታ ተከፈተ። ለዝውውሩ የሚወዳደር ሰው የጸደቀ የፖርትፎሊዮ ውጤት ማያያዝ አለበት፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ደግሞ ያው ዓርብ ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም ጠረጠርኩ።

ምክንያቱም ጋሽ ሰይድም የማጀቴ ሰው ናቸዋ! ጡረታቸው የደረሰ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ አስተምረዋል፣ ወንዙ ዳር ሽንኩርት ያለሙበት መሬት አላቸው፣ በሰው ክፉ ሲነሱ ሰምቼ አላውቅም። በሰው ክፉ የማይነሳ ሰው ደግሞ እኔን ያሳስበኛል።

መመዘኛውን ልንጽፍ መምህራን ማረፊያ ተቀመጥን። እኔ «ማስረጃው የራሱ የመምህሩ መሆኑ የተረጋገጠ» ብዬ ጀመርኩ። ቀጥዬ «ያረጋገጠው ሰው ዘመድ አለመሆኑ የተረጋገጠ» አልኩ። ከዚያም «በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩት ተማሪዎች ከሌላ ትምህርት ቤት በውሰት ያልመጡ መሆናቸው» እያልኩ ስሄድ ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ጂኦግራፊ» አሉኝ፤ እኛ ዘንድ መምህር በሚያስተምረው ትምህርት ነው የሚጠራው። «መምህር ልንመዝን ነው ሌባ ልንይዝ?»

«ጋሼ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብናደርገው ምን ይጎዳናል?»

«ያ ረቢ! ፖሊስ መሆን ሲገባህ ማነው ካርታ ያስያዘህ?»

የእኔን አብዛኛውን ሰረዙና በቦታው እነዚያን የድሮዎቹን «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» መለሱ። ሦስቱ በምን እንደሚለያዩ ስጠይቃቸው «ሲያዩት ይታወቃል» አሉኝ። አላመንኩም፤ ግን ሙቀቱ አሸነፈኝና ተስማማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ማንጎ ተቀምጦ አገኘሁ። ሐያት ናት ያስቀመጠችው። እውነት ነው፣ በሁሉም መምህር ጠረጴዛ ላይ ማንጎ ነበር። እኔ ግን የሌሎቹ ለሽፋን መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ደግሞ የእኔው በአንድ ጎኑ ተፈንክቷል። ጉቦ እንኳ ቢሆን ደህናውን አይሰጡም? አልነካሁትም። ጉንዳን እስኪወርረው ጠረጴዛው ላይ ለማስረጃ አቆየሁት።

ከዚያ ልመዝን ተቀመጥኩ። የሐያት ማህደር ቀጭን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ ማህደሩ ላይ ይሁን እንጂ ልቤ ጋሽ ሰይድ ጋ ነበር። የአገራቸው ልጅ ናት፤ መቶ ባይሰጧት ከዘጠና አይወርዱም። ታዲያ ሚዛኑን ማን ያቃናው? አርባ አምስት ሰጠሁ። ልብ በሉ፣ ክፋት አይደለም። እሳቸው የሚጨምሩትን ቀድሜ መቀነሴ ነው።

ጋሽ ሰይድ ዘጠና ሦስት ሰጥተው ነበር። «አላልኳችሁም!» ብዬ ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ብድግ አልኩ፤ ለማንም ግን አልነገርኩም ነበር።

«ጨምሬያለሁ፣ አልዋሽም» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ያንተን እጅ አገር ያውቀዋል። ተማሪ ጥሩ ካመጣ ኮርጇል የምትል ሰው ነህ። ወላሂ፣ እንዳትጎዳት ብዬ ነው።»

ዳይሬክተሩ የሁለታችንንም ወረቀት ቀደደና «ነገ እንደገና» አለን።

ይህ ነገር ታዲያ ከቢሮው ሳይወጣ ይቀራል? ወሬ እኛ ከተማ ውስጥ ባጃጅ አይጠብቅም። ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ስገባ ጨዋታው ቆመ። የግቢው ጥበቃ እንኳ ሰላምታዬን በግማሽ አፉ መለሰልኝ። «እናት ከልጇ እንዳትገናኝ ያደረገ ምቀኛ» መባሌን ባለቤቴ ከገበያ ሰምታ መጣች። ጥርጣሬን እችለዋለሁ፤ ይሉኝታን ግን አልችልም። በማግስቱ ወረቀት ተቀበልኩና ዘጠና አንድ ብዬ ጻፍኩ። ማን ምቀኛ እንደሚለኝ አያለሁ!

ለካ ጋሽ ሰይድም ከመስጊድ ሲወጡ «የአገራቸውን ልጅ ደግፈው ቢሮ ውስጥ ተያዙ» የሚል ነገር ጆሯቸው ገብቷል። እኚህ በስማቸው ላይ አቧራ አርፎ የማያውቅ ሰው ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው አድረው፣ ጠዋት መጥተው አርባ ሰባት ጻፉ።

ዳይሬክተሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አያቸው። «ወረቀት ተቀያይራችኋል?» አለን።

አልተቀያየርንም አልን።

«እሺ፣ ዛሬ ማህደሩን የከፈተው ማነው?»

እኔ ጋሽ ሰይድን አየሁ፣ ጋሽ ሰይድ እኔን። ዳይሬክተሩ የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቦ የሐያትን ማህደር አወጣ። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ቆልፎበት ነበር፤ የጠየቀውም ሰው አልነበረም። እኔ የመዘንኩት ጋሽ ሰይድን ነበር፣ እሳቸው የመዘኑት እኔን። ሐያት በመካከላችን አልነበረችም።

ነበረች እንጂ። ውጤቷን ልትጠይቅ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

«ቲቸር» አለችኝ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አርባ አምስትም ቢሆን ግዴለኝም ነበር። ጎደለሽ ካላችሁኝ የጎደለኝን እሞላለሁ። እናንተ ግን አላያችሁኝም። ይኸው እናንተ ስትተያዩ ሳምንቱ አለቀ። ባለፈው ስሄድ ኢክራም እናቴን እማ ብላ ጠርታ እኔን ሐያት አለችኝ። በስሜ ጠራችኝ፣ እንደ ጎረቤት።»

ጋሽ ሰይድ «አላህ ይቅር ይበለን» ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ሰው እንዳያታልለኝ ስጠነቀቅ፣ የዚያን ሁሉ ጥንቃቄ ዋጋ የከፈለችው አንዲት ሕፃን መሆኗን ሳስበው አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ፈልገን እንደገና ተቀመጥን። መብራት ጠፍቷል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጫጫል፣ ሁለታችንም በላብ ርሰናል።

«ጋሼ» አልኳቸው፤ «ሽንኩርት ነጋዴ ጥሩ ሽንኩርት ነው ሲለኝ አላምነውም። አንገቱ ደርቋል ወይ? በቅሏል ወይ? ስጫነው ይሰረጉዳል ወይ? ብዬ ነው የማየው።»

«እኔም ሳመርት የምጠብቀው እሱን ነው። አንገቱ ሳይደርቅ ጆንያ አልከትም።»

«ታዲያ ሽንኩርት ላይ እኔና እርስዎ ተጣልተን እናውቃለን?»

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አደረጉ። «ጥሩ የምትለዋን ቃል እንከልክላት» አሉ። «የሚታየውን ብቻ እንጻፍ።»

ጻፍን። ዋናው መስፈርት ይኸው ነበር። ተማሪ የተሳሳተበት ወረቀት ማህደሩ ውስጥ ከሌለ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነጥብ። ስህተቱ ኖሮ መምህሩ ዝም ብሎ ካለፈው ከዚያ ከፍ ይላል፣ ቢያንስ አልደበቀም። መምህሩ ስህተቱን አይቶ አስተማመሩን ምን ላይ እንደለወጠ ከጻፈ የበለጠ። ከለወጠ በኋላ ተማሪዎቹ የሠሩት ወረቀት ካለ ሙሉ ነጥብ። እኔ «ወረቀቱ በተማሪው እጅ የተጻፈ መሆኑ ይታይ» የምትል አንዲት መስመር አስገባሁ። ጋሽ ሰይድ አነበቧትና «ይቺስ ትሁን» አሉ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለሙከራ የስፖርት መምህራችንን ማህደር በየግላችን መዘንነው። አሲዱ ምንም አላዳነውም፤ ሁለታችንም ከሥር አስቀመጥነው፣ ልዩነታችን አንድ ነጥብ። ከዚያ የሐያትን በየተራ ልንመዝን ወደየክፍላችን ስንለያይ ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ዞር አሉ። «ስለ እኔ አታስብ» አሉኝ። «እኔም ስላንተ አላስብም። ማህደሩን ተመልከት።»

ከመሃል ከፈትኩት። የፈተና ወረቀት ወጣ። «ከባድና ቀላል ነገር ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ የትኛው ቀድሞ መሬት ይደርሳል?» የሚል ጥያቄ ላይ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል «ከባዱ» ብሎ ተሳስቷል። ሐያት ከሥሩ «ቃሉን አሸመደድኳቸው እንጂ አላሳየኋቸውም» ብላ ጽፋለች። በሚቀጥለው ገጽ ልጆቹን ፎቁ ሥር አሰልፋ፣ ከላይ አንድ ማንጎና አንዲት ሎሚ አንድ ላይ እንደለቀቀች ይናገራል። ያላመነ ተማሪ ሁሉ ራሱ ወጥቶ እንዲለቅ አድርጋለች። ብዙ ተማሪ አላመነም፤ ስለዚህ ብዙ ማንጎ ተፈነከተ። የተረፈውን ነው ለካ በማግስቱ ጠዋት ለመምህራን ያደለችው።

ያ ጉንዳን የበላው ማንጎዬ ትዝ አለኝ። ከዚያ በዚያው ዕለት የሰጠቻቸውን ፈተና አየሁ፤ እነዚያው ልጆች፣ በራሳቸው የተንጋደደ ጽሑፍ፣ አብዛኞቹ በትክክል መልሰዋል። አንዱ ልጅ እንዲያውም «አሁንም በላባ ይሞከርልኝ» ብሎ ጨምሯል። ይህን ልጅ ወደድኩት።

ሰማንያ አራት ሰጠሁ። ጋሽ ሰይድ ሰማንያ አራት ሰጡ።

መደሰት ነበረብን። «በመስኮት አላየኸኝም?» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። «እርስዎስ ድምፅ ሰምተው ይሆን?» አልኳቸው። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ አለቀ፣ ሌላ ሐሳብ መጣ። ይህን ማን ያምነናል?

የወረዳው ሱፐርቫይዘር አላመነንም። ዓርብ ጠዋት ፋይሉን ሊወስድ በባጃጅ መጣና ሁለቱን ቁጥር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ሁለት ሰው እንዴት አንድ ቁጥር ያመጣል?» አለ። ወረቀቱን ገለበጠው። ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። የእኔንና የጋሽ ሰይድን የእስክሪብቶ ቀለም አስተያየ። ቆሜ ሳየው ራሴን ነበር የማየው። ለካ እንዲህ ነው የማስጠላው!

«አቶ ሱፐርቫይዘር» አልኩ፤ «እርስዎ ካላመኑን ራስዎ ይመዝኑት። መመዘኛው ይኸው። እኛ ውጭ እንሆናለን።»

ሰውየው በቀረበለት ግብዣም ጠረጠረ፤ አልፈርድበትም። ሆኖም ማህደሩን ይዞ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው። እኔ፣ ጋሽ ሰይድና ሐያት ዛፉ ሥር ቆምን። ባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ሐያት የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ጋሽ ሰይድ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔም በበኩሌ ጀመርኩ፤ እንዲህ ከልቤ ለሌላ ሰው የጸለይኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሱፐርቫይዘሩ ሲወጣ ግራ የገባው ሰው መልክ ነበረው። «ማንም አልነገረኝም አይደል?» ብሎ እኛን ጠየቀን።

«ምኑን?» አልነው።

«ሰማንያ ሦስት» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አንዷን የቀነስኩት ከእናንተ ጋር የተመካከርኩ እንዳይመስል ነው» ብሎ ፈረመ። ፋይሉን ብብቱ ሥር አድርጎ ባጃጁ ላይ ወጣ።

ዝውውሩ ወጣና ሐያት ማጀቴ ገባች። ከቆየች በኋላ አንድ ቀን ደወለችልኝ። እንደ ልማዴ «ምን ፈልጋ ነው?» ብዬ አነሳሁት።

«ቲቸር፣ ኢክራም እኮ አላመነችኝም» አለችኝ። «ማታ ማታ ነገ ትሄጃለሽ? ትለኛለች። አልሄድም ስላት ዝም። ጠዋት ስነሳ የጫማዬ አንድ እግር የለም። አንዴ ዱቄት ዕቃ ውስጥ፣ አንዴ ዶሮ ቤት አገኘሁት። ሲጠፋብኝ በነጠላ ጫማ ነው ክፍል የምገባው። ምን ላድርጋት?»

ስለ ሌላ ጉዳይ ቢሆን አላውቅም እል ነበር። ይህ ግን ሙያዬ ነው። «አትቆጫት» አልኳት። «አልሄድም ብለሽም አትማይላት። መሐላ የበለጠ ያጠራጥራል። ዝም ብለሽ በነጠላ ጫማም ቢሆን ሂጂ፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሺ። እያየች ነው።»

ወሩ ሳያልቅ ደግማ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«ቲቸር፣ ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ራሷ ይዛልኝ መጣች። በቀሚሷ ጠርጋዋለች። እማ፣ ሂጂ፣ ይረፍድብሻል አለችኝ።»

«ሁለቱንም እግር?» አልኳት።

«ሁለቱንም።»